ያልደረቀው ማስቲሽ

ጫማውን ያመጣው ሰውዬ እየዋሸ ነበር፤ ያውም ውሸት የማይሆንለት ሰው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጫማ ሰሪው የሱቁን የቆርቆሮ መዝጊያ ገፍቶ ገና ሽርጡን ሲያስር፣ የጥበቃ ካፖርት የለበሰ፣ ዕድሜው ስድሳን የተሻገረ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ጥቁር ላስቲክ ዘረጋለት። «የእህቴ ልጅ ጫማ ነው» አለ፤ የማን ነው ብሎ የጠየቀው የለም። ቀጥሎም ልጅቱ ተማሪ መሆኗን፣ ስፖርት መውደዷን፣ ጫማው ለአምስት ሰዓት ተኩል ካልደረሰ ጉድ እንደሚፈላ አከታተለ። ጫማ ሰሪው እዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሃያ ሦስት ዓመት ተቀምጧል። የቤተሰቡን ጫማ የሚያመጣ ሰው ስለ ጫማው ነው የሚያወራው፤ ሶሉ ለቀቀ፣ ክሩ ተበጠሰ፣ ያኛው ጫማ ሰሪ አበላሸብኝ ይላል። ስለሚጫማው ሰው የሚያወራ ግን የሚደብቀው ነገር አለው። ይህን በልቡ ይዞ «መቶ ሃምሳ» አለ። ሰውዬው ዋጋ ሳይከራከር እሺ ብሎ ሲሄድ ይባሱን ነገር ሸተተው።

ላስቲኩን የፈታው ሰውዬው ከራቀ በኋላ ነው። የሴት የሩጫ ጫማ ነው፤ ሰማያዊ፣ ቁጥሩ ሠላሳ ስምንት፣ አሮጌ ተገዝቶ በደንብ የተያዘ። የቀኙ ሶል ገና ብዙ ያስኬዳል። የግራው ከፊት አፉን ከፍቷል፤ የውጭ ጠርዙ ደግሞ ሞረድ የበላው ይመስል አልቋል። ገልብጦ አየው፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው፣ እጁን አስገብቶ ውስጡን ዳበሰ። ጣቱ ጫፉ ጋ ሲደርስ ከአንድ ነገር ጋር ተጋጨ። እዚያ አንዲት ቁራጭ ቆዳ ተለጥፋለች፤ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላት፣ ጠርዟ ላይ በወስፌ ጫፍ የተነካች ትንሽ ምልክት ያለባት። ያቺን ምልክት የሚያደርግ በዚህ ከተማ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ጫማውን ይዞ የተቀመጠው ነው። የሚስቱ ግራ እግር ከቀኙ በግማሽ ቁጥር ያንሳል። ከተጋቡ ጀምሮ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ለምትገዛው ጫማ ሁሉ እንዲህ ያለች ቁራጭ እየቆረጠ፣ የትኛው ወገን ወደ ላይ እንደሚሆን እንዳይጠፋት ምልክት እያደረገ ሲሰጣት ኖሯል። ቁራጯ ከሥራ ጫማዋ ተነቅላ እዚህ ገብታለች።

ቁጭ አለ። ቀድሞም ቁጭ ብሎ ነበር፤ ግን እንደ አዲስ ቁጭ አለ። በእነሱ ቤት ሩጫ የሚባል ነገር ካበቃ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ድሮ ሦስቱም ሯጮች ነበሩ፤ እሱ፣ ቀለም ቀቢው ታላቅ ወንድሙና በኋላ ሚስቱ የሆነችው ልጅ። ስማቸው የተጠራ ሯጮች እንኳ አልነበሩም፤ ከሥራ በፊት ጎህ ሲቀድ እየተገናኙ የሚሮጡ፣ በዓመት አንዴ ሁለቴ ደረታቸው ላይ ቁጥር ለጥፈው ረጅሙን ርቀት የሚሞክሩ የሰፈር ሰዎች ናቸው። ትዳር መጣ፣ ልጅ መጣ፣ የሱቁ ሥራ በዛ፤ ሩጫው ወደ እሑድ ጠዋት አፈገፈገ። ከዚያ እናታቸው ያረፉ ቀን ታላቅ ወንድሙ ሌላ ከተማ ውድድር ላይ ነበር። ስልኩ ቦርሳው ውስጥ፣ ቦርሳው ዕቃ ጠባቂ ጋ፣ እሱ መንገድ ላይ። ሲደርስ ሬሳው ገብቶ አፈሩ ተመልሶ ነበር። በቁምጣ፣ ቁጥሩ ደረቱ ላይ እንዳለ፣ ለቀስተኛው መሀል ቆመ። ጫማ ሰሪው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ከእናትህ ሩጫህ በለጠብህ፤ ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም» አለው። ታላቅ ወንድሙ ቃል ሳይመልስ ዞሮ ሄደ። ጫማ ሰሪው ይህን ለሰው ሲተርክ እንባ ይቀድመዋል። በዚያን ዕለት ማለዳ ስለተደወለች አንዲት ስልክ ግን ለማንም ተርኮ አያውቅም፤ ለሚስቱም ቢሆን። የለቅሶው ሰሞን ቤት ውስጥ ያለውን የሩጫ ጫማ ሁሉ፣ የእሷንም ጭምር፣ በጆንያ ሞልቶ ለሰው ሰጠ። እሷ የመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆማ አየችው፤ ምንም አላለችም። እሱም ዝምታዋን እሺታ አድርጎ ቆጠረው።

አሁን ታዲያ ያለፉት ሦስት ወራት አንድ በአንድ ይመጡበት ጀመር። ሚስቱ የዓይን ክሊኒክ ካርድ ክፍል ውስጥ ነው የምትሠራው። ማታ ስትመጣ ፀጉሯ ቤታቸው የሌለ ሳሙና ይሸታል፤ «ክሊኒኩ ሙቅ ውሃ አለው፣ ቤት በባልዲ ምን አስለፋኝ» ብላዋለች፤ ያን ጊዜ ምክንያት መስሎት ነበር። በልታ የማትጠግብ ሆናለች። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ እንቅልፍ ይጥላታል። ሰሃን ስታጥብ ታንጎራጉራለች፤ እሱ ብቅ ሲል ታቆማለች። ምሳ ሰዓት ላይ ሲደውልላት አታነሳም፤ ኋላ «ካርድ ክፍሉ ተጨናንቆ ነበር» ትለዋለች። በምሳ ሰዓት የሚጨናነቅ ምን ዓይነት ካርድ ክፍል ነው? ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሴት ልጃቸው «አባዬ፣ እማዬ ሰሞኑን አላማረባትም?» ስትለው፣ «የሚያምርባት ለማን ብላ ነው» ብሎ ቀልዶ ነበር። ልጅቷ ሳቀች፣ እሱም ሳቀ፣ ሚስቱ አልሳቀችም። ያ አለመሳቋ አሁን ተመልሶ መጣበት።

ይህ ሁሉ ሆኖ ነገሩ መሮጧ ብቻ ቢሆን ተናድዶ ይተወው ነበር። እንዳይተወው ያደረገው ያለቀው የግራ ጠርዝ ነው። ብቻውን የሚሮጥ ሰው ሶሉን እንዲህ አይጨርስም። እንዲህ የሚጨርሰው ጎን ለጎን ከሌላ ሰው ጋር የሚሮጥ፣ ያውም ወደዚያ ሰው ያዘነበለ፣ ጆሮውን የሰጠ ነው። ይህን ማንም አላስተማረውም፤ ከሃያ ዓመት በፊት በገዛ እጁ ጠግኖታል። የተዋወቁ ሰሞን እሱ ሁልጊዜ በግራዋ ነበር የሚሮጠው። እሱ ያወራል፤ እሷ ወደሱ ዘንበል ብላ ትስቃለች፤ በሦስተኛው ወር የግራ ሶሏ አለቀ። «ይኼማ የኔ ጥፋት ነው፣ አላስከፍልሽም» ብሎ ሠራላት። ትዳራቸው በዚያች ቀልድ ተጀመረ ማለት ይቻላል። አሁን ያው እግር፣ ያው ጠርዝ፣ ያው ሦስት ወር። ሰውየው ብቻ ሌላ ነው።

ማስቲሽ የራሱ ሕግ አለው። ሁለቱም ፊት በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፣ ስስ ተደርጎ ይቀባል፣ ከዚያ ይጠበቃል፤ ሩብ ሰዓት ያህል፣ ሲነኩት ጣት ላይ እስከማይቀር ድረስ። ደርቆ የተገናኘ ዕድሜ ልኩን አይለያይም። ሳይደርቅ የተገናኘ ደግሞ ለዓይን ያማረ፣ ለእጅ የጠነከረ ይመስልና ሙቀትና ላብ ሲያገኘው ይለቃል። ትናንት ሙያውን የጀመረ ሰው እንኳ አይሳሳተውም። ጫማ ሰሪው ፋቀ፤ ቀባ፤ አልጠበቀም። አጣበቀና ዙሪያውን በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ጠርዙን በጨርቅ ወለወለ። ሥራው ሲያዩት ያምራል። ሲራመዱበት ይይዛል፤ ሲሮጡበት ግን ጥቂት ዙር ቆይቶ አፉን ይከፍታል፤ እሷም አብሯት በሚሮጠው ሰው ፊት ሶሏን እየጎተተች ትቆማለች፤ ጫማ ሰሪው ደግሞ የሆነ ቦታ ሆኖ ያያል። ያሰበው ይህችን ብቻ ነው። ከእጁ የወጣ ሶል ለቆ ተመልሶበት አያውቅም፤ በዚህም አፉን ሞልቶ ይናገር ነበር። ጫማውን ላስቲኩ ውስጥ ሲመልስ ማንም እንዳላየው ለማረጋገጥ ወደ በሩ ተመለከተ። በሩ ላይ ማንም አልነበረም።

አምስት ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ሲቀረው የጥበቃ ካፖርት የለበሰው ሰውዬ ላብ በላብ ሆኖ መጣ። ጫማ ሰሪው ላስቲኩን ለመስጠት አልቸኮለም።

«አባት፣ የእህትዎ ልጅ ስንተኛ ክፍል ናት?»

«ማን? እሷ እንኳ… ሰባተኛ» አለ ሰውዬው።

«ለሰባተኛ እግሯ ትልቅ ነው።»

«አድጋለች» አለና ሰውዬው ገንዘቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ላስቲኩን ተቀበለ። በሩ ጋ ሲደርስ ግን ጉልበቱን እያሸ፣ ለራሱ እንደሚያጉረመርም ሰው፣ «ራቅ ያለ ጫማ ሰሪ ጋ ውሰደው ነበር የተባልኩት። በዚህ ጉልበት ወዴት ነው የምርቀው?» አለ። በዚያን ዕለት ከአፉ የወጣ እውነት ይህ ብቻ ነበር፤ ጫማ ሰሪውንም ከሁሉ ይበልጥ የቆረጠው እሱ ነው። ራቅ ያለ። ከማን የራቀ? «መጣሁ» የሚል የካርቶን ቁራጭ መዝጊያው ላይ ሰቀለና ሽርጡን እንኳ ሳይፈታ ተከተለው።

ሰውን መከተል ሥራ መሆኑን ጫማ ሰሪው ያን ቀን ነው ያወቀው። ጥበቃው ጉልበቱ እያመመው ይንቀራፈፋል፤ እሱም ላለመቅደም በየመስኮቱ እየቆመ የማይገዛውን ድስትና መጋረጃ ያያል። ከመብራቱ ማዶ አንድ ደንበኛ አይቶት «ጫማዬ ደረሰ?» ብሎ ጮኸ፤ «ነገ» አለው ሳያየው፤ «ትናንትም ነገ ነበር ያልከኝ» ሲለው አልሰማም። ሃያ ደቂቃ ያህል እንደሄዱ ጥበቃው ወደ ዓይን ክሊኒኩ ታጠፈና በትንሿ በር ገባ። ጫማ ሰሪው ማዶ፣ ከቆመ የጭነት መኪና ጀርባ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። የድሮውን ጥበቃ ያውቀው ነበር፤ ይኼኛው አዲስ ነው፤ የካርድ ክፍሏ ሴትዮ ባል ማን እንደሆነ አያውቅም። ልክ ስድስት ሰዓት ሲል ሚስቱ ወጣች። ከላይ የሥራ ጃኬቷን ለብሳለች፣ ከታች የስፖርት ሱሪ፣ እግሯ ላይ ሰማያዊው ጫማ። ለጥበቃው አንድ ነገር አለችው፤ ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ የእጅ ሰዓቷን አየችና፣ እያንዳንዷ ደቂቃ የምታስፈልገው ሰው እንደሚራመድ፣ ቀኝና ግራ ሳታይ ሄደች። እንዲህ ስትራመድ ካያት ብዙ ጊዜ ሆኖታል። አምሮባታል፤ ልጁ ያለችው እውነት ነው፤ ይህን ማየቱ ደግሞ አንጀቱን አሳረረው።

ከክሊኒኩ ጀርባ የተዘጋ ፋብሪካ የስፖርት ሜዳ አለ። መሀሉ በሽቦ ታጥሮ ሣር ውጦታል፤ ዙሪያውን ግን ሰው እየረገጠ ያቆየው የአፈር መንገድ አለ። ከወዲያኛው ጫፍ፣ መንገዱ በሚታጠፍበት ላይ፣ ክዳኑ የተሰረቀ የጎርፍ ቦይ የሲሚንቶ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ጫማ ሰሪው ከፈረሰው የልብስ መቀየሪያ ክፍል ግድግዳ ኋላ ተደብቆ ዓይኑን አጮለቀ። አንድ ረጅም ሰው፣ ኮፍያ ያደረገ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ሚስቱ ጃኬቷን አውልቃ ሽቦው ላይ ሰቀለች፤ ሄዳ ክንዱን ነካችው፤ ተነሣ። ፊት ለፊት ቆመው ትንሽ አወሩ። ከዚያ እጃቸው ተገናኘ። በደንብ አየ፤ ዓይኔ ነው ብሎ እንዳያልፈው እንኳ ሁለቴ አየ፤ የእሷ ግራ እጅና የሰውዬው ቀኝ እጅ። እጅ ለእጅ ተያይዘው በቀትር፣ በአደባባይ፣ መሮጥ ጀመሩ።

አንደኛውን ዙር ያየው ጥርሱን ነክሶ ነው። ወደሱ ሲቀርቡ ጎንበስ ስላለ ኮቴያቸውን ብቻ ሰማ፤ እኩል የሚወርድ፣ እኩል የሚነሣ፣ የለመደ ኮቴ። ሁለተኛው ዙር ላይ የሚላትን ሲያዘጋጅ ነበር፤ ያሰበው ቃል ሁሉ ደካማ መሰለውና ሌላ ፈለገ። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ቤት ገብቶ ልብሱን ሲሰበስብ ታየው፤ ልጁ በሩ ላይ ቆማ ስታይ ታየው። ሦስተኛው ዙር ላይ ግን ከግድግዳው ወጣ ብሎ ቆመ፤ ይዩኝ ብሎ። አላዩትም። እሷ ዓይኗ መሬት መሬት ነው፤ ሰውዬው ደግሞ ፊቱን ቀጥ አድርጎ ወደ እሱ ያያል፣ ግን አያየውም። «ድንጋይ» አለች ሚስቱ፤ ሰውዬው እግሩን ከፍ አድርጎ ድንጋዩን አለፈ። «ትንሽ ወደኔ» አለች፤ ወደሷ ቀረበ። እጃቸው አልተያያዘም። በእጅ አንጓዎቻቸው መሀል አንዲት ቡናማ የጫማ ክር ታስራለች፤ ከሱቁ የወሰደቻት ክር። ከኮፍያው በታች ያለው ፊት ከስቷል፣ ጢሙ ሸብቷል፣ ዓይኖቹ የሆነ ሩቅ ቦታ ቀርተዋል። ያ ፊት የታላቅ ወንድሙ ነው።

ወንድሙ ዓይኑን ማጣቱን ማንም አልነገረውም። ማን ይንገረው? በፊቱ የወንድሙን ስም ያነሣን ሰው ሁሉ ፊት ሲነሳ ነው የኖረው። ያን ጊዜ ነው አንድ ድምፅ የሰማው። ጧ። ደግሞ ጧ። የሚስቱ ግራ እግር መሬት በነካ ቁጥር፣ ሌላ ሰው የማይሰማው፣ እሱ ግን በእንቅልፉም የሚያውቀው ድምፅ። ማስቲሹ እየለቀቀ ነው። ከፊት የለቀቀ ሶል ወደ ኋላ ይታጠፋል፤ የታጠፈውን የረገጠ ይወድቃል፤ እሷ ስትወድቅ በክር የታሰረው ዓይነ ስውር አብሯት ይወድቃል። ፊት ለፊታቸው ደግሞ መታጠፊያው አለ፤ መታጠፊያው ላይ ቦዩ አለ። መሀሉ የታጠረ ነው፤ አቋርጦ አይቀድማቸውም። ስሟን ጠራ፤ የክሊኒኩ ጄኔሬተር ድምፁን ዋጠው። ጫማ ሰሪው ሽርጡን እንደታጠቀ፣ በቆዳ ጫማ፣ ከኋላቸው ሮጠ።

የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች ሰውነቱ አስታወሳቸው፤ ከዚያ ወዲያ ረሳቸው። ስድስት ዓመት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። ሆዱ ከፊቱ ይዘላል፣ ሽርጡ ጉልበቱን ይመታዋል፣ ተረከዙ ያለቀ የግራ ጫማው ይንሸራተታል፤ የሰው ጫማ ሲሠራ የራሱን ረስቶት ነበር። ደረቱ ውስጥ እሳት ገባ። የወንድሙ ጭንቅላት ወደ ጎን ዘንበል ሲል አየ፤ ኮቴ ሰምቷል፤ ለሷም አንድ ነገር አላት። ብቻ ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ ከኋላዋ የወንድ ኮቴ የሰማች ሴት ዞራ አታይም፤ ትፈጥናለች። ሚስቱ ፈጠነች። እሱ በፈጠነ ቁጥር እሷ ትፈጥናለች፤ እሷ በፈጠነች ቁጥር ሶሉ ይከፈታል። ጧ፣ ጧ። አደጋውን የሠራውም፣ ወደ አደጋው የሚነዳቸውም እሱ ራሱ ነው። ቦዩ ሊደርሱበት ሃያ እርምጃ ቀረ። ስሟን ለመጥራት ትንፋሽ አልነበረውም፤ ከጉሮሮው የወጣው ሳያስበው የወጣ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ አፉ ያልነካው ቃል ነው።

«ጋሼ!»

ወንድሙ ባለበት ደረቀ። ክሩ ተወጠረና ሚስቱን ወደ ኋላ ሳባት፤ የግራ ሶሏ ታጠፈ፤ በጉልበቷ ወደቀች። ቦዩ ጋ ሊደርሱ ጥቂት እርምጃ ቀርቷቸው ነበር።

ሚስቱ መሬት ላይ እንደተቀመጠች ዞራ አየችው፤ ሽርጡን አየች፤ ከዚያ እግሯን አንሥታ ተንጠልጥሎ የቀረውን ሶል አየች። የጉልበቷን ደም አላየችውም። ጣቷን ሶሉ ላይ አሳርፋ ስታነሳው ማስቲሹ ክር እየሠራ ተከተላት።

«ጥበቃው አንተ ጋ ነው ያመጣው?» አለችው።

በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«ያንተ ሥራ ለቆ አያውቅም።» ጣቶቿን እርስ በርስ አሸች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከጫማ ሰሪ ጋር የኖረች ሴት ናት። «ሳታደርቀው ነው ያጣበቅከው።»

«መስሎኝ ነው» አለ።

«ምን መስሎህ?»

መስሎኝ ነበር የሚለው ነገር አሁን በወንድሙ ፊት የሚነገር አልሆነም። አንዴ ወንድሙን፣ አንዴ እሷን አየ። አስተያየቱ ራሱ ነገሩን ሁሉ ነገራት፤ ፊቷ ጠቆረ። «ካርዱ እኔ ጋ መጣ» አለች ድምፅዋን ሳታነሳ። «የአባትህ ስም ያለበት ካርድ። ቀና ስል እሱ ነው፤ ብቻውን ግድግዳ እየዳበሰ። ቀለም መለየት አቅቶት ከሥራ ከወጣ ሁለት ዓመት አልፎታል። ብነግርህ ምን ትለኝ ነበር?» የሚላትን ያውቀዋል፤ እሷም ታውቀዋለች። «ደግሞ ለሱ ብዬ ብቻ እንዳይመስልህ። ጫማዬን በጆንያ አድርገህ ስታወጣ ዝም ያልኩት እሺ ብዬ አይደለም፤ ለቅሶ ላይ ስለነበርክ ነው። ለቅሶው ስድስት ዓመት ፈጀ። ከቀኑ ውስጥ የኔ የምላት አንዲት ሰዓት አለችኝ፤ እሷም ምሳዬ ናት። አልበላባትም፤ እሮጥባታለሁ።»

ተነሣች። የእጅ ሰዓቷን አየች፤ ሃያ ደቂቃ ነበር የቀራት፤ መታጠብም ልብስ መቀየርም አለባት። ሁለቱንም ጫማ አወለቀች። ከዚያ በጥርሷ እየታገለች ክሩን ከአንጓዋ ፈታችና ጫፉን የባሏ እጅ ውስጥ ጨመረችው፤ እንደማስጨበጥ ሳይሆን፣ ዕቃን ለባለቤቱ እንደመመለስ አድርጋ። «አንድ ዙር ይቀረዋል» አለች። በካልሲዋ፣ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ፣ ትንሽ እያነከሰች ወደ ጃኬቷ ሄደች።

ጫማ ሰሪው ክሩን ይዞ ቆመ። የወንድሙ ፊት ወደሱ ዞሯል፣ ግን ትንሽ ስቶ ዞሯል፤ ከጫማ ሰሪው ትከሻ በላይ ያለውን አየር ነው የሚያየው። ልጅ ሳለ የጫማ ክሩን እንዴት እንደሚያስር ያስተማረው ይህ ሰው ነው፤ ጎንበስ ብሎ፣ እየደጋገመ፣ ሳይሰለች። አሁን በዚያች ቀጭን ክር ወዲያና ወዲህ ሆነው ቆመዋል።

«ማነው የያዘኝ?» አለ ወንድሙ።

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ማን?»

«ጋሼ» ሲባል ባለበት የቆመ ሰው ማን እንደጠራው ጠፍቶት አልነበረም። የጠየቀው ስም እንዳልሆነ ጫማ ሰሪው ገባው። ሚስቱ ገና ብዙ አልራቀችም፤ ትሰማለች። ይህን ነገር ስድስት ዓመት ሲሸሸው፣ ሲሸፋፍነው፣ የሌላውን ሰው ጥፋት ሲከምርበት ነው የኖረው፤ ቀለል ያለ ውሸት ቢመጣለት አሁንም ይወድ ነበር። አልመጣለትም።

«በዚያን ዕለት ማለዳ፣ ልምጣ ወይስ ልሩጥ ብለህ ስትደውልልኝ፣ ደህና አድራለች፣ ሩጥ ያልኩህ ነኝ» አለ። «ክፍሏ ገብቼ አላየኋትም ነበር። ከአልጋዬ ሳልነሣ ነው ያልኩህ። ስነሣ…»

ሚስቱ ቆመች። ጀርባዋን እንደሰጠች፣ ጫማው በእጇ እንደተንጠለጠለ፣ በካልሲዋ አፈሩ ላይ ቆመች። አልዞረችም፤ አልሄደችምም። ጄኔሬተሩ ከክሊኒኩ ጀርባ ይጮሃል። ወንድሙ ኮፍያውን አወለቀ፣ ላቡን በክንዱ ጠረገ፣ ኮፍያውን መልሶ አደረገ። ይህን ሁሉ ቀስ ብሎ፣ ጊዜ እንዳለው ሰው ነው ያደረገው። ጫማ ሰሪው ስድቡንም፣ ጥፊውንም፣ ከሁሉ የሚፈራውን ዝም ብሎ መሄዱንም ጠበቀ። ወንድሙ ግን ክሩን አንጓው ላይ አንድ ዙር ጨምሮ ጠመጠመና ሳብ አድርጎ ጥንካሬውን ሞከረው።

«ሩጥ እንግዲህ» አለ።

ሮጡ። ቦዩ ጋ ሲደርሱ ጫማ ሰሪው ሚስቱ እንዳደረገችው «ትንሽ ወደኔ» አለ፤ ወንድሙም ወደሱ ቀረበ። ጄኔሬተሩ ይጮሃል፤ የወንድሙን ትንፋሽ ለመስማት ሳያውቀው ወደ ግራ አዘንብሎ ነበር የሚሮጠው።